ካርታውስ ለማን ነው የሚሳለው?

(በሚኒሶታ ግዛት፣ በሪችፊልድ ከተማ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር)



የሥራ ቀናችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የሌሊት ፈረቃችሁን ጨርሳችሁ ሳትተኙ በመምጣታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ሪችፊልድ ውስጥ ለስምንት ሳምንት የሚቆይ ሥልጠና እንጀምራለን። ሥልጠናው በኮምፒውተር ካርታ መሥራትን፣ በተለይም የጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተትና የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት የት እንደሚበረታ ለይቶ ማሳየትን የሚመለከት ነው። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ዶክትሬቴን በባሕር ማዶ ሠርቼ፣ ዕድሜዬን በድልድይና በጎርፍ ማስወገጃ ሥራ ላይ አሳልፌ፣ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ማስተማሩን በደስታ ተቀብያለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሶፍትዌሩ አጠቃቀም ብቻ አይደለም።

ሥልጠናው ከታሰበ ጀምሮ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ደርሰውኛል። አንደኛው ከአባቶች የመጣ ነው፦ «እኛ እዚህ በረዶ ውስጥ ተቀምጠን ለጎፋ ገበሬ ምን ልንፈይድለት ነው?» የሚል። ሁለተኛው ከአንዲት ወጣት የመጣ ነው፦ «ይህ የምንሠራው ካርታ ነገ ድሃውን ከቤቱ ማፈናቀያ ቢሆንስ?» የሚል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በቅደም ተከተል ልመልሳቸው እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የምንነጋገረው ስለምን እንደሆነ እናስታውስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከባድ ዝናብ የጠጣ ተራራ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ተሯሩጦ በእጁና በአካፋ አፈሩን ሲቆፍር ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተንዶ ለመርዳት የመጣውን ሕዝብ ጭምር ዋጠው። ከሟቾቹ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በኢትዮጵያ ታሪክ በመሬት መንሸራተት ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን ሲሞት ብዙ አልተመዘገበም።

ወደ ኋላም እንሂድ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በተኛችበት ደረሰባትና ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ባለው የአዋሽ ስምጥ ሸለቆ መሬት ለወራት ተናውጣ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኖሪያቸውን ለቀው ወጡ።

ወገኖቼ፣ ከነዚህ ውስጥ «ማንም ሊያውቀው የማይችል የፈጣሪ ቁጣ» ተብሎ የሚታለፍ አንድም የለም። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ገበያ ይውልበታል፣ ከብት ይነዳበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ድሬዳዋ ላይ ሳይሆን ከበላይዋ ባሉት የሐረርጌ ደጋማ ተራሮች ላይ ነው። ከተማው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ከተራራ ይደርሳል። ይህንን የድሬዳዋ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከ1998ቱ በፊትም ከተማዋ በጎርፍ ተመትታለች። ቆሼም ቢሆን የአፈር መካኒክስ የተማረ ሰው ሁሉ ቁልቁለቱን አይቶ ሊናገርለት የሚችል ክምር ነበር። የጎደለን ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱን በአንድ ገበታ ላይ አስቀምጦ ለሚመለከተው ሕዝብ ማድረስ ነው። የአባቶቻችን ብሂል «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። እኛ ግን እንደ መንግሥትም እንደ ሕዝብም የለመድነው ጅብ ከሄደ በኋላ መጮህን ነው።

ለመሆኑ ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው የአስማት ሳጥን ይመስለዋል፤ አይደለም። ሥራው ሽፋን በሽፋን መደርደር ነው። የመሬቱ ከፍታ አንድ ሽፋን፣ ወንዙ አንድ ሽፋን፣ የአፈሩ ዓይነት አንድ ሽፋን፣ ዝናቡ አንድ ሽፋን፣ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ሌላ ሽፋን ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ ቦታ ሲነባበሩ እያንዳንዱ ለብቻው የማይናገረው ነገር ይታያል። በሙያው ቋንቋ የአደጋ ስጋት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ አደጋ አምጪው ክስተት፣ በመንገዱ ላይ ያለው ሰውና ንብረት፣ እንዲሁም ያ ሰው አደጋውን የመቋቋም አቅሙ ማነስ። ከሦስቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ስጋቱ ዜሮ ነው። ሰው በሌለበት ገደል ቢናድ አደጋ አይባልም። ዝናቡን ማስቆም ባንችልም ሁለቱን ሌሎች ቁጥሮች ግን መቀነስ እንችላለን። የሥልጠናው ፍሬ ነገር ይህ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የምንሠራው ድሬዳዋን ነው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የዓለም መሬት በራዳር ለክታ ተመልሳለች። ያ የከፍታ መረጃ ዛሬ በ30 ሜትር ጥራት ለማንም ሰው በነፃ ይገኛል። መሬቱ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ የከፍታ ቁጥር ተሰጥቶታል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ካሬ «ከስምንቱ ጎረቤቶችህ ዝቅ ያለው የትኛው ነው? ውሃህን ለእርሱ ስጥ» ይለዋል። ይህንን ለሚሊዮን ካሬዎች ከደገመ በኋላ የስንቱ ካሬ ውሃ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይቆጥራል። ልጆቻችን አንድም ቀን ድሬዳዋን ሳይረግጡ ደቻቱ በስክሪናቸው ላይ ተስሎ ያዩታል። ከዚያ የቤቶቹን ሽፋን ሲያነባብሩበት ማን በውሃው መንገድ ላይ እንደተኛ ይገለጥላቸዋል።

ሁለተኛው ልምምድ ጎፋ ነው። አንድ ካሬ ከጎረቤቱ በ15 ሜትር ከፍ ቢል ቁልቁለቱ 50 በመቶ፣ በዲግሪ ሲለካ ወደ 27 ገደማ ነው። ቁልቁለት ብቻውን ግን አይገድልም። በላዩ ጥልቀት ያለው የበሰበሰ አፈር ሲኖር፣ የዛፍ ሥር ሲጠፋ፣ ከግርጌው ለመንገድ ወይም ለቤት ሲቆረጥ፣ ከዚያም ቀናት የቆየ ዝናብ ሲጠጣ ነው የሚንሸራተተው። እነዚህን ምልክቶች ደርድረን የትኛው ተራራ ከየትኛው ቀድሞ መጎብኘት እንዳለበት ማወቅ ይቻላል። አንድ ነገር በተለይ አደራ የምላችሁ አለ። መጀመሪያ የተናደው ተራራ ከበላዩ ደጋፊ ያጣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ትቶ ይሄዳል፤ መሬቱም ውሃ እንደጠገበ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ለማዳን ሲሰበሰብ ነው። የከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ሕዝብ የሠራው የሰው ልጅ የሚኮራበት ሥራ ነው። ነገር ግን ከበላይ ቆሞ ስንጥቁን የሚያይና ፊሽካ የሚነፋ አንድ ሰው እንዲቆም በየቀበሌው አስቀድሞ ቢነገር ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ሊያንስ ይችል ነበር። ይህ ሶፍትዌር አይፈልግም፤ ትምህርት ይፈልጋል።

የመሣሪያውን ድክመትም ልደብቃችሁ አልፈልግም። የ30 ሜትር ካሬ ብዙ ጎጆ በሆዱ ይይዛል። ስለዚህ «ይህ ቤት ይድናል፣ ያ ቤት ይፈርሳል» ማለት አይችልም፤ የሚችለው «እዚህ ሰፈር ሄዳችሁ እዩ» ማለትን ነው። ሌላም አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያተማቸው ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባል መለኪያ ነው፤ የሳተላይት መረጃና የስልካችን ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ቁጥር የሚጠሩት ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ይራራቃል። ይህን ሳያስተካክል ሁለቱን ያነባበረ ሰው በወንዙ ግራ ያለውን ቤት በቀኝ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ስሕተቱን በሚያምር ቀለም አስጊጦ ያወጣላችኋልና ቀለሙ አያታልላችሁ። የመጨረሻው ዳኛ በቦታው ላይ የሚኖረው ገበሬ ነው። ምንጩ የት እንደደፈረሰ፣ ዛፉ መቼ መዝመም እንደጀመረ፣ አያቱ ለምን እዚያ ቤት እንዳልሠሩ የሚያውቀው እርሱ ነው።

እንግዲህ ወደ አባቶች ጥያቄ ልመለስ። ከዚህ ሆነን ምን እንፈይዳለን? በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የዋና ከተማዋ በቂ የመንገድ ካርታ አልነበረም። በዓለም ዙሪያ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች፣ የሄይቲ ተወላጆች ጭምር፣ በየቤታቸው ተቀምጠው ከሳተላይት ፎቶ ላይ መንገዱንና ቤቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉት። ነፍስ አድን ሠራተኞች ያንን ካርታ ይዘው ተሰማሩ። ይህን ለማድረግ ቪዛም ሆነ ሚሊዮን ዶላር አላስፈለጋቸውም። እኛ የምንጠቀምበት ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለው ሶፍትዌርም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ፣ ለማንም በነፃ የሚሰጥ ነው። ካርታን በኢንተርኔት ላይ ለማሳየት ዓለም የተጠቀመበት ማፕሰርቨር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌርም የተወለደው እዚሁ አጠገባችን፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። እኛ ልጆቻችንን በየቀኑ በበሩ በኩል አልፈን ወደ ሥራ የምንሄድበት ትምህርት ቤት ለዓለም ያበረከተውን እኛ ለአገራችን ሳንጠቀምበት መቅረት የለብንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። መሣሪያው በነፃ ከተገኘ፣ መረጃውም ከተገኘ፣ ለምን እንሞታለን?

ሐምሌ 23 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ከዚህ ከሪችፊልድ አጥር ጥግ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ 10 ኢንች፣ ማለትም 254 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሌሊት ወርዷል። አውራ ጎዳናው ሐይቅ ሆኖ ነበር። ዛሬ እዚህ ቤት የሚገዛ ማንኛውም ሰው አድራሻውን አስገብቶ ቤቱ በጎርፍ ቀጠና ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከመንግሥት ካርታ ላይ ያያል። ማንም «ለምን ፈለግኸው?» አይለውም። ይህ ሲባል ግን አሜሪካ ገነት ናት ማለቴ አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ ውስጥ የ35 ደብልዩ ድልድይ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ወድቆ 13 ሰው ሞቷል። ያ ድልድይ «መዋቅራዊ ጉድለት አለበት» ተብሎ ለዓመታት በወረቀት ላይ ተመዝግቦ ነበር። ወረቀት ብቻውን ሰው አያድንም። ልዩነቱ በኋላ በታየው ላይ ነው። ምርመራው ተደርጎ፣ ብረቱን የሚያያይዙት ሳህኖች ከመጀመሪያው ቀጭን ሆነው መነደፋቸው ለሕዝብ ይፋ ተነገረ፤ ተጎጂዎች ጠየቁ፣ ካሳ ተከፈለ።

በኛ አገር ግን አደጋን መደበቅ የመንግሥት ወግ ሆኖ ኖሯል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው፤ ዓለም ያወቀው በውጭ ጋዜጠኛ ፊልም ነው። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር የሰሜኑ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ከዚያም በኋላ የመጡት «ረሃብ» የሚለውን ቃል በሌላ ቃል ሲለውጡ ኖረዋል። ባለሙያ አልጠፋም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የየወረዳውን የአደጋ ስጋት የሚያጠና ፕሮግራም ነበር፣ ድርቅን በኮምፒውተር የሚከታተል ሥርዓትም ተዘርግቷል፣ በ2012 ዓ.ም. የራሳችን ሳተላይት ወደ ኅዋ ተልካለች። ለዚህ የደከሙትን ወገኖቻችንን አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ የዚያ ጥናት ውጤት በገዜ ጎፋ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር ወይ? ከሰም ግድብ ወደ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ መሬት በሥሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ግድቡ አንድ ነገር ቢሆን ውሃው የት በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ ከግድቡ በታች ባለው አርብቶ አደር እጅ ላይ ሊኖር አይገባም ነበር ወይ?

ማስጠንቀቂያም ቢሆን የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቷል። ስልክ በተዘጋበት አገር ተራራው ሲሰነጠቅ ያየ እረኛ ለማን ይደውላል? መንግሥት መስመሩን ሲዘጋ የሚዘጋው የተቃዋሚውን አፍ ብቻ ሳይሆን የጎርፉን ማስጠንቀቂያም ጭምር ነው።

ወደ ወጣቷ ጥያቄ እንምጣ። ካርታችን ማፈናቀያ ቢሆንስ? ስጋቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ሰው በአጭር ጊዜ ማስጠንቀቂያ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አይተናል። ነገ ደግሞ «የስጋት ካርታው ቀይ ቀለም ስላሳየ ነው» የሚል ምክንያት ቢገኝ ምን ይባላል? ድሃው ወንዝ ዳር የሰፈረው ጎርፍ ስለሚወድ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለተነፈገ ነው። ካርታው የድሃውን ቤት በቀይ ቀብቶ የባለሀብቱን ሕንፃ በዚያው ወንዝ ዳር በአረንጓዴ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሳይንስ መሆኑ ቀርቶ የቅሚያ ሰነድ ይሆናል። በጦርነት አካባቢም የቤት፣ የጎተራና የውሃ ጉድጓድ ዝርዝር ለመሣሪያ ታጣቂ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ካርታ አንሥራ እላለሁን? አልልም። ዝም ማለት ድሃውን ከመፈናቀል አያድነውም፣ ከናዳውም አያድነውም። በኔ እምነት መፍትሔው ለሥራችን አጥር ማበጀት ነው። ሠልጣኞች ከመጀመሪያው ቀን እንዲቀበሏቸው የምጠይቃቸው አራት ደንቦች አሉ።

አንደኛ፣ የውሃው መንገድና የተራራው ቁልቁለት ለሁሉም ይፋ ይሆናል። ውሃና ተራራ ምሥጢር የላቸውም።

ሁለተኛ፣ የነዋሪዎች ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የጎተራና የጉድጓድ ቦታ በይፋ ካርታ ላይ አይወጣም። ይህን መረጃ የሚያገኘው ባለቤቱ የሆነው የአካባቢው ሕዝብ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ካርታ ከእጃችን ሲወጣ የተሠራበት ቀን፣ የመረጃው ምንጭና «ይህ ካርታ ሊናገር የማይችለው ነገር» በፊቱ ላይ ይጻፋል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይጻፋል።

አራተኛ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በካርታችን ግርጌ ይታተማል። ከአደጋ ቦታ ይነሣ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያገኝ የመጠየቅ መብቱን ከካርታው ጋር አብሮ ያንብበው።

እነዚህ ደንቦች ክፉ ሰውን ሙሉ በሙሉ አያስቆሙም። ነገር ግን ካርታው በሕዝቡ እጅ ቀድሞ ከደረሰ፣ ሹሙ «ካርታው እንዲህ ይላል» ሲለው ሕዝቡ «እኛም ይዘነዋል፣ እንዲህ አይልም» ለማለት ይችላል። ከሥልጠናው የምጠብቀው ትልቁ ውጤት ይህ ነው። መንግሥት ይለወጣል፣ ፓርቲ ይለወጣል። ደቻቱ ግን በየክረምቱ ይመጣል፤ የጎፋም ተራራ ማን ሥልጣን ላይ እንዳለ አይጠይቅም።

ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ኮምፒውተር ያላችሁ አምጡ፣ ትርፍ ያላችሁ አበድሩ። ወላጆች ልጆቻችሁን አምጧቸው፤ ከአገራቸው ጋር የሚያገናኛቸው ክትፎና እስክስታ ብቻ አይሁን። አባቶችና እናቶች ደግሞ ራሳችሁ ኑ። ልጆቹ ቁልፉን ይጫኑ፣ እናንተ ወንዙን በስሙ ጥሩላቸው፣ የቱ ጅረት ክረምት ላይ እንደማይሻገሩት፣ የቱ ጉብታ ላይ ቤት እንደማይሠራ ንገሯቸው። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ሳተላይት ውስጥ የለም፤ አብራችሁት ወደ መቃብር እንዳትወስዱት።

ሐምሌና ነሐሴ በየዓመቱ ይመጣሉ። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት አንድ ወረዳ፣ አንዲት ወረዳ ብቻ፣ አጠናቅቀን ለነዋሪዎቿ ብናደርስ ሥራ ጀምረናል እላለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በአበሻ ሰዓት አቆጣጠር እንገናኝ፤ በአበሻ ቀጠሮ ግን አይሁን!

ቸር ይግጠመን። ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!